ላጲስ የማይገባበት ክፍል

ትምህርት ቤት በተባለ ቦታ ሁሉ አንዲት የሥዕል አስተማሪ አለች፤ የትም ብትሄዱ ያቺው ናት። ክርኗ ላይ ካለፈው ሳምንት የተረፈ ሰማያዊ ቀለም አለ። ፀጉሯ ውስጥ ብሩሽ ተሰክቷል፤ እሷ ግን ያንኑ ብሩሽ ከጠዋት ጀምራ እየፈለገች ነው። ሌላው አስተማሪ የሚያስፈልገውን ከሱቅ ያስመጣል፤ እሷ ሰው ከጣለው ውስጥ ትለቅማለች። ይህን የምለው ዝም ብዬ አይደለም፤ የምትለቅመው እኔ ጠርጌ ካከማቸሁት ቆሻሻ ነው።

ሬይኖ ሃርጁ እባላለሁ። በሱፒሪየር ሐይቅ ዳር ባለችው ከተማችን ትምህርት ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ቁልፍ ያዥ፣ ወለል ጠራጊ፣ ቧንቧ ጠጋኝና በረዶ ዛቂ ሆኜ ኖሬያለሁ፤ አሁንም ነኝ። የከተማችን ጋዜጣ ይህችን ዓምድ የሰጠኝ፣ ሁሉንም በር የሚከፍት ሰው ሁሉንም ነገር ያውቃል ብሎ መሰለኝ። እስካሁን አላሳፈርሁትም።

የኛይቱ ክብርት ወይዘሮ አርዲስ ፔንሮዝ ይባላሉ፤ የውሃ ቀለም እመቤት፣ የኮላ አዛዥ፣ የብልጭልጭ ዱቄት ዋና አከፋፋይ። ብልጭልጭ ዱቄት ምን እንደሆነ የማያውቅ አንባቢ ካለ እንኳን ደስ ያለው። አንድ ጊዜ በታኅሣሥ አንድ ማንኪያ ተደፋች። ሦስት ጊዜ ጠረግሁ፣ ሁለት ጊዜ ወለወልሁ። በግንቦት፣ ዳይሬክተራችን አቶ ዱሼን የዓመት መዝጊያ ንግግር ሲያደርጉ፣ ቅንድባቸው ላይ ስታብረቀርቅ አየኋት።

በወይዘሮ ፔንሮዝ ክፍል ውስጥ ሦስት ሕጎች አሉ። የትም አልተጻፉም፤ ግን በዚህ ከተማ እነዚህን ሕጎች የማያውቅ ሰው ትላንት የመጣ ነው።

የመጀመሪያው፣ ላጲስ አይገባም። በሩ አጠገብ ትልቅ የጃም ጠርሙስ ተቀምጧል፤ ልጆቹ ሲገቡ ላጲሳቸውን እዚያ ይጥላሉ። እርሳሱ ጫፍ ላይ የተሰካውስ ካላችሁ፣ ወይዘሮ ፔንሮዝ በየዓመቱ ትምህርት በተከፈተ ሰሞን ከኔ ጉጠት ይዋሱና አንድ በአንድ ይነቅሉታል። አንድ ከሰዓት በኋላ ሙሉ ተቀምጠው ሲነቅሉ ያየ ሰው የጥርስ ሐኪም ቤት የገባ ይመስለዋል። “ላጲስ ሰውን ፈሪ ያደርገዋል” ይላሉ። አንዱ ልጅ ውሻ ሲስል እግሩ አምስት ሆነበትና ማልቀስ ጀመረ። ወይዘሮ ፔንሮዝ ጎንበስ ብለው በጣም በቁም ነገር አዩት።

“አምስተኛው ወዴት እየሄደ ነው?” አሉት።

ልጁ አፍንጫውን ጠረገና አሰበ። “ወደ ቤት። እራት ደርሷላ። ሌሎቹ አራቱ ገና አልሰሙም።”

ሁለተኛው ሕግ፣ ወረቀቱ የልጁ ነው። ወይዘሮ ፔንሮዝ በልጅ ሥዕል ላይ አንዲት ነጥብ እንኳ አያሳርፉም። ክፍል ውስጥ ሲዞሩ ሁለት እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ ፖሊስ የያዛቸው ይመስላሉ። አንድ ጊዜ አንዲት ልጅ “ፈረስ አልችልም፤ ይሳሉልኝ” ብላ ድርቅ አለች። ሌላ አስተማሪ ቢሆን በሁለት መስመር ፈረስ ሠርቶ ይገላገላል። እሳቸው ስልሳ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ሽርጣቸውን ሰብሰብ አድርገው ክፍሉን ሁለት ዙር ጋለቡላት። “እግሬን እዪ፣ ፊቴን አትዪ” እያሉ። አቶ ዱሼን ልክ በዚያች ሰዓት በሩን ከፈቱ፤ አዩ፤ መልሰው ዘጉት።

ሦስተኛው ሕግ ከሁሉ የከፋ ነው። የማንንም ሥዕል አይቶ “ይሄ ምንድነው?” ማለት ክልክል ነው። የሚባለው “እስቲ ንገረኝ” ነው። ልጁ ይናገራል፤ ወይዘሮ ፔንሮዝ የተናገረውን ቃል በቃል ጽፈው ከስሙ ጋር ከሥዕሉ ሥር ይለጥፉታል። ስንተኛ ክፍል እንደሆነ አይጻፍም፣ ነጥብ አይጻፍም። “ይሄ ምንድነው?” ብሎ የተገኘ ትልቅ ሰው ግን ቅጣት አለበት፦ በልጆቹ ትንሽ ወንበር ላይ ተቀምጦ አምስት ደቂቃ ይስላል። ፖስተኛው ተቀጥቷል። የጥርስ ነርሷ ተቀጥታለች። አቶ ዱሼን እስካሁን አሥራ አንድ ሥዕል አሏቸው፤ ዘጠኙ ጀልባ ናቸው። ሌላ ነገር አይችሉም፤ ጀልባዎቹ ግን ከዓመት ዓመት እየተሻሻሉ መሆናቸውን ለታሪክ እመሰክራለሁ።

አሁን ወደ ጠቡ ልግባ። በሌላው ትምህርት ቤት የምስጋና ቀን ሲደርስ ልጆቹ መዳፋቸውን ወረቀት ላይ ዘርግተው ዙሪያውን ያሰምራሉ። አውራ ጣት የተርኪ፣ በበዓሉ የሚበላው የዚያ ትልቅ ወፍ፣ ራስ ይሆናል፤ አራቱ ጣቶች ጭራ። ሃያ አራት ልጅ፣ ሃያ አራት ተርኪ፤ አንዱ ከሌላው አይለይም፤ ወላጅ ወስዶ ማቀዝቀዣው በር ላይ ይለጥፋል፤ ሁሉም ደስ ይለዋል። የኛይቱ ግን ባለፈው ኅዳር ሁለተኛ ክፍሎችን “ጠዋት ጠዋት በረዶ ጠራጊው መኪና ሲያልፍ የምትሰሙትን ድምፅ ሳሉ” አሏቸው። ድምፅ ነው ያልሁት፤ መኪናውን አይደለም። አንዱ ወረቀቱን ሙሉ ጥቁር ቀባ። ሌላዋ ወረቀቷን ቀድዳ አመጣች። አንደኛው ደግሞ ባዶ ወረቀት ላይ አንድ ወፍራም ቢጫ ጭረት አድርጎ ጨረሰ።

ባለቢጫ ጭረቱ የአቶ ሉንድ የልጅ ልጅ ነው። አቶ ሉንድ ማለት ዋና መንገድ ላይ ያለው የቧንቧና የሚስማር ሱቅ ባለቤት፣ የትምህርት ቤታችንም ቦርድ ሰብሳቢ ናቸው። ለማቀዝቀዣቸው በር ተርኪ ሲጠብቁ ጭረት መጣላቸው። ከዚያ ቀን በኋላ ሱቃቸው የገባ ሰው ሁሉ ስለዚያ ጭረት ሳይሰማ አልወጣም። እኔ ለቧንቧ መፍቻ ብቻ ሄጄ አርባ ደቂቃ ቆየሁ።

“ሬይኖ፣ አንተ የምትሠራው እዚያ ነው። ይሄ ትምህርት ነው?” አሉኝ።

“እኔ ወለል ነው የማውቀው” አልሁ። ፈርቼ አይደለም። ያን ጊዜ እኔም ከሳቸው ወገን ነበርሁ።

ምክንያቱም ጄሶ አለ። በየዓመቱ የካቲት ላይ ወይዘሮ ፔንሮዝ ልጆቹን ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ወዳለው ጫካ ይወስዷቸዋል። በረዶው ላይ የአጋዘንና የጥንቸል ዱካ ፈልገው ጄሶ ያፈሱበታል፤ ሲደርቅ እግሩ ተገልብጦ ይወጣል። ግሩም ነገር ነው፤ አልክድም። ችግሩ ባልዲው ነው። ባልዲው ክፍላቸው ውስጥ ያለው ገንዳ ውስጥ ይታጠባል፤ ጄሶው ደግሞ ውሃ ውስጥም ይደርቃል፤ ቧንቧው እንደ ድንጋይ ይሆናል። ከዚያ እኔ በጀርባዬ ተኝቼ ከገንዳው ሥር እገባለሁ።

“ወይዘሮ ፔንሮዝ፣ ዘንድሮ ይኸው ለአራተኛ ጊዜ ተደፈነ” አልኋቸው ባለፈው የካቲት።

“ጄሶው ምን ዓይነት ቅርጽ ይዟል? ሲያወጡት እንዳይሰብሩት፣ አደራ።”

ሳይሰበር አወጣሁት፤ መደርደሪያ ላይ ከአጋዘኖቹ ዱካ ጎን አስቀመጡት። በማግሥቱ በትልልቁ ጻፍሁ፦ “ጄሶ ገንዳ ውስጥ መድፋት በጥብቅ የተከለከለ ነው።” አምጥቼ ከገንዳው በላይ ልለጥፍ ስል ወይዘሮ ፔንሮዝ አነበቡት።

“ጥሩ ጽሑፍ ነው። ግን ግማሾቹ አንደኛ ክፍል ናቸው፤ ማን ያነብልዎታል?”

“ታዲያ ምን ላድርግ?”

“ይሳሉታ።”

“እኔ ሥዕል አልችልም።”

“ማን አለ?”

ይህን ጥያቄ ሰው ጠይቆኝ አያውቅም ነበር። ስለዚህ ለሚስቴም ያልተናገርሁትን ነገርኋቸው። ስምንት ዓመቴ ነበር፣ በዚሁ ትምህርት ቤት። ግንድ የሚጎትተውን የአያቴን ፈረስ ሳልሁ። ሆዱ በጣም ትልቅ ነበር፤ እግሩ አጭር፣ ምክንያቱም የቆመው በረዶ ውስጥ ነው። የዚያን ጊዜዋ አስተማሪዬ ደግ ሴት ነበረች። እርሳሱን ከእጄ ወሰደች፤ ሆዱን በላጲስ አጠፋች፤ እግሮቹን አስረዘመችልኝ። ቆንጆ ፈረስ ሆነ። እናቴ ሳሎን ሰቀለችው፤ ሃያ ዓመት ተሰቅሎ ኖረ። እንግዳ በመጣ ቁጥር “የሬይኖ እጅ ነው” ትላለች፤ እኔ ወደ መስኮቱ አያለሁ። የሬይኖ እጅ አልነበረም። ከዚያ በኋላ ፊደልና ስልክ ቁጥር ካልሆነ በቀር ወረቀት ላይ ምንም አላሰፈርሁም።

ወይዘሮ ፔንሮዝ አላጽናኑኝም። ወረቀት አስቀመጡልኝ፤ የተቀረጸ እርሳስ አስቀመጡልኝ፤ ከዚያ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣመሩ።

አርባ ደቂቃ ፈጀብኝ። ሁለት ጊዜ ተነስቼ ልሄድ አስቤ ነበር፤ ትንሿ ወንበር ግን ስነሳ አብራኝ ተነሳች። ሲያልቅ እሳቸው ብዙ አዩትና “እስቲ ይንገሩኝ” አሉ። የተናገርሁትን ጽፈው፣ ከሥሩ ለጥፈው፣ ከገንዳው በላይ ሰቀሉት። እንዲህ ይላል፦ “ሬይኖ፦ ይሄ ቧንቧው ነው። ጄሶ በልቶ ሆዱ ደርቋል። ከሥሩ የተኛሁት እኔ ነኝ። ደስ አላለኝም።”

ልጆቹ ሥዕሉን ወደዱት። ተሰልፈው አዩት። በዚያ ወር ገንዳው አልተደፈነም፤ እኔም ለማንም ሳልናገር፣ ሌላ ሰው እንደሳለው አድርጌ፣ አልፎ አልፎ ገባ ብዬ አየው ነበር።

መጋቢት ላይ አቶ ዱሼን ሠራተኛውን ሰብስበው ወሬውን ነገሩን። ለፈተና የሚሆኑ ኮምፒውተሮች መጥተዋል፤ ክፍል ይፈልጋሉ፤ ቦርዱ የሥዕሉን ክፍል አስቧል። ሥዕል ከእንግዲህ በጋሪ ይሆናል፤ አስተማሪዋ ቀለማቸውን በጋሪ ጭነው ከክፍል ክፍል ይዞራሉ። ቦርዱ ሐሙስ መጥቶ ክፍሉን ያያል፤ ከዚያ ይወስናል።

“ጋሪው ገንዳ አለው?” አሉ ወይዘሮ ፔንሮዝ።

“የለውም።”

“ምድጃስ? ሸክላውን የት እንተኩሳለን?”

“የለውም፣ አርዲስ።”

“እንግዲያው የሥዕል ጋሪ አይደለም። የወረቀት ጋሪ ነው” አሉና ወደ ክፍላቸው ሄዱ።

እኔ ደስ አለኝ። እዚህ ላይ ብዋሽ የሚያውቅብኝ የለም፤ ግን ደስ አለኝ። ገንዳ የለም፣ ጄሶ የለም፣ ብልጭልጭ የለም። ጋሪው መጋዘኔ ውስጥ ነበር፤ አውጥቼ ጎማዎቹን ዘይት ቀባኋቸው። መጋዘኔን ልንገራችሁ፤ ከማሞቂያው ክፍል ቀጥሎ ያለች፣ በዚህ ሕንፃ ውስጥ ከሁሉ የምትሞቅና ደረቅ ክፍል ናት። የተቀደደ ባለክንድ ወንበር፣ ሬዲዮና ቡና ማፍያ አሉኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት የትም ስጠራ የምነሳው ከዚያ ወንበር ነው።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ወይዘሮ ፔንሮዝ መጋዘኑ በር ላይ መጡ። ምንም አልጠየቁኝም። ወደ ጋሪው ሄደው ስፋቱን በስንዝር ለኩ፤ እንደገና ለኩ፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው አልበለጠም። “ጎማው ጥሩ ነው” አሉኝ። “አመሰግናለሁ፣ አቶ ሃርጁ።” ሲወጡ ነው ያየሁት፤ ፀጉራቸው ውስጥ ብሩሽ አልነበረም። የዘይቱን ጣሳ ወደ መደርደሪያው መለስሁ።

ሐሙስ ቦርዱ መጣ፤ አምስት ሰው፣ ቦት ጫማቸው በረዶ እያፈሰሰ። እኔ መወልወያዬን ይዤ ከኋላቸው ተከተልሁ። ክፍሉ ውስጥ ሁለተኛ ክፍሎች ሸክላ እየጠፈጠፉ ነበር። አቶ ሉንድ እጃቸውን ኪሳቸው ከትተው ግድግዳ ግድግዳውን እያዩ ሄዱ፤ ገንዳው ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

“ይሄ ምንድነው?” አሉ።

ሃያ አራት ልጅ ሥራውን አቁሞ ዞረ። አንዷ ልጅ ቀስ ብላ ባዶ ወረቀት አውጥታ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች።

አቶ ሉንድ አላስተዋሉም። መነጽራቸውን አደረጉ። “ተመልከቱ እስቲ። እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም፤ ግን ይሄንን ተመልከቱ። ሬይኖ የሚባል ልጅ ነው የሣለው። ቧንቧው ከሰውየው ሦስት እጥፍ ይበልጣል። ሰውየው እጅ የለውም። እግሩ ከጎኑ ነው የበቀለው። ይሄን ልጅ ማነው ያረመው? ማንም። ‘ግሩም ነው’ ተብሎ ተሰቀለለት። በኋላ አድጎ ምን ይሆናል?”

ሌሎቹ የቦርድ አባላት ራሳቸውን ነቀነቁ። አንዷ የሆነ ነገር ማስታወሻዋ ላይ ጻፈች።

“ስንተኛ ክፍል ነው፣ ወይዘሮ ፔንሮዝ?” አሉ አቶ ሉንድ።

ወይዘሮ ፔንሮዝ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆመዋል። አንዲት ቃል ብትወጣቸው ነገሩ ያልቅ ነበር። ቦርዱ ይስቃል፣ ሰውየው ያፍራሉ፣ ክፍሉም ይተርፋል። ወደኔ እንኳ አላዩም።

“ሥዕሉ የባለቤቱ ነው” አሉ። “ባለቤቱ ካልፈለገ እኔ አልናገርም።”

“እኔ የቦርዱ ሰብሳቢ ነኝ።”

“አውቃለሁ። ቢሆንም አልናገርም።”

መወልወያዬን ተደግፌ ቆሜ ነበር። በዚህ ከተማ ሳቅ ቶሎ አያልቅም፤ ዛሬ ብናገር ለአሥር ዓመት ሳውና ቤት ውስጥ ሲወራብኝ እንደሚኖር አውቃለሁ። ሴትዮዋ ግን ገንዳቸውን፣ ምድጃቸውንና መስኮታቸውን ሊያጡ ነው፤ የሚያጡትም የኔን እፍረት ሸፍነው ነው።

“ስልሳ አንድ ዓመቴ ነው” አልሁ።

አምስቱም ዞሩ።

“የሣልሁት እኔ ነኝ። አድጌ ምን እንደምሆን ጠይቀው ነበር፤ ይኸው።”

ከፊት ያለችው ልጅ፣ ሄልሚ የምትባለው፣ “እጅ የሌለውስ ለምንድነው?” አለችኝ፤ ከዚያ ሕጉ ትዝ አላትና “እስቲ ይንገሩኝ” ብላ አረመች።

“እጄ ቧንቧው ውስጥ ነው” አልኋት። “እስከ ክርኔ ገብቷል። ውጪ ቢታይ ውሸት ይሆናል።”

“ሬይኖ” አሉ አቶ ሉንድ፣ “ያ ቧንቧ አንድ ኢንች ተኩል ነው። እኔ ነኝ የሸጥሁልህ።”

“ከሱቅዎ መደርደሪያ ላይ ሲያዩት አንድ ኢንች ተኩል ነው። በጀርባዬ ተኝቼ ቆሻሻ ውሃ ፊቴ ላይ ሲንጠባጠብ ግን ይህን ያህላል። ያየሁትን ነው የሣልሁት። አስተማሪዋም ያልነኩት ለዚህ ነው፤ እሳቸው ከገንዳው ሥር ተኝተው አያውቁም፤ እኔ ነኝ የማውቀው። የልጅ ልጅዎ ጭረትም እንደዚያው ነው። ቤታችሁ መንገድ ዳር ነው። ገና ሳይነጋ መጋረጃው ላይ ምን እንደሚያልፍ የሚያውቀው እሱ ነው። የጠራጊው መኪና መብራት ቢጫ ነው፣ አቶ ሉንድ።”

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በአንድ ትንፋሽ ይህን ያህል ተናግሬ አላውቅም። አቶ ዱሼን ወለሉን እያዩ ነበር፤ ትከሻቸው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ሳቅ ይሁን ሌላ አላወቅሁም።

አቶ ሉንድ መነጽራቸውን አወለቁ። “ኮምፒውተሮቹስ?” አሉ፤ ድምፃቸው ወርዷል። “የት ይግቡ?”

ይህን መልስ ማን በአፌ ውስጥ እንዳስገባው እስካሁን አላውቅም። “ኮምፒውተር ገንዳ አይፈልግም። ደረቅ ክፍልና የግድግዳ ሶኬት ነው የሚፈልገው። መጋዘኔ ደረቅ ናት፤ ሶኬት አላት። ውሰዷት።”

ወይዘሮ ፔንሮዝ ያን ጊዜ አዩኝ። ያጣመሩት እጃቸው ተፈታ፤ ሽርጣቸውን ያዙ፤ የሚይዙት ሲያጡ አንድ ብሩሽ አንስተው ፀጉራቸው ውስጥ ሰኩት።

ለቅጣቱ መቼም የቦርድ ሰብሳቢነት ነፃ አያወጣም። ሄልሚ ወረቀቱን ወደ አቶ ሉንድ ገፋ አደረገችላቸው። ያ ሁሉ ሰውነት በዚያች ወንበር ላይ ተቀመጠና ግራ እጁን ዘርግቶ ዙሪያውን ማስመር ጀመረ። ተርኪ ነበር። ወይዘሮ ፔንሮዝ ጎንበስ ብለው “እስቲ ይንገሩኝ” አሉ። አቶ ሉንድ፣ “የልጅ ልጄ እንዲሰጠኝ የፈለግሁት ነው” አሉ። “እንግዲያው እርስዎ ይስጡት” አሏቸው ወይዘሮ ፔንሮዝ። ያ ተርኪ አሁን የልጁ አልጋ ራስጌ ላይ ተሰቅሏል ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ቢጫ ጭረቱም ሱቁ ውስጥ ከሚስማሩ መደርደሪያ በላይ ነው፤ መስተዋት ገብቶለታል።

ቦርዱ በዚያው ሳምንት ተስማማ። ዘይት የቀባሁት ጎማም አልባከነም፤ ኮምፒውተሮቹን ወደ መጋዘኔ ያመላለስሁት በዚያ ጋሪ ነው። እኔ ግን ወንበሬን የማስቀምጥበት ቦታ አጣሁ። ማሞቂያው ክፍል አይሆንም፣ ኮሪደር ላይ አይፈቀድም። ሁለት ቀን እየተሸከምሁት ከዞርሁ በኋላ ወይዘሮ ፔንሮዝ በሩ ላይ ቆመው፣ “ገንዳውን ከቅርብ ቢጠብቁት አይሻልም?” አሉኝ። አሁን ወንበሬ እዚያ ነው፤ ገንዳው አጠገብ፣ መስኮቱ ሥር። ሬዲዮዬን ዝቅ አድርጌ እከፍታለሁ። ልብሴ በሙሉ ያብረቀርቃል፤ ሚስቴ መጥረግ ትታለች። ጠላቴ ቤት ገብቼ ተቀመጥሁ፤ ወጥቼም መሄድ አልፈልግም። ደስ ይለኛል። ይኸው ጻፍሁት።

ባለፈው ማክሰኞ የጽዳት ዕቃ ላመጣ ወጥቼ ስመለስ ገንዳው ሞልቶ ነጭ ውሃ ወለሉ ላይ ይፈሳል። ሄልሚ ባዶ ባልዲ ይዛ ቆማለች፤ እስከ ክርኗ ጄሶ ናት። ለእንዲህ ያለ ቀን ሠላሳ አንድ ዓመት ያስቀመጥሁት ጩኸት አለኝ። ልለቀው አፌን ከፈትሁ።

“እስቲ ንገሪኝ” አልሁ።

ሄልሚ በነጭ ጣቷ ወደ ሥዕሌ አመለከተች። “ቧንቧው አፉን ከፍቷል። ስላሳዘነኝ ነው። ርቦት መሰለኝ።”

ቀና ብዬ አየሁት። እውነቷን ነው። አፉን በሰፊው ከፍቶ፣ ጄሶ ስጡኝ የሚል ይመስላል። ስስለው የታነቀ አድርጌው ነበር።

“ወይዘሮ ፔንሮዝ” አልሁ፣ “ሥዕሉን ትንሽ ባስተካክለውስ? አፉን ብቻ ልዝጋው።”

“በምን ያጠፉታል?” አሉና የላጲሱን ጠርሙስ አንስተው መደርደሪያው አናት ላይ አስቀመጡት።

እኔ ከሳቸው እረዝማለሁ፤ እጄ ይደርስ ነበር። መፍቻዬን ይዤ ከገንዳው ሥር ገባሁ።